ሲታ፦ ከትልም የወጣ ስም

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ አንዲት አንባቢያችን ለዚህ ዓምድ የሚከተለውን ጽፈውልናል።

«ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የምትሠራ ሕንዳዊት ባልደረባ አለችኝ። ስሟ ሲታ ነው። ትርጉሙን ብጠይቃት በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ረዥም መስመር ስባ ‹በሬ ሲያርስ መሬቱ ላይ የሚወጣው ነው› አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እኔ አሁን ነፍሰ ጡር ነኝ። ስሙ ለአፍም ለጆሮም ደስ ስለሚል ‹ሴት ከወለድኩ ሲታ እላታለሁ› ብላት ፊቷ ተለወጠ። ‹ተይ፤ የሲታ ኑሮ መከራ ነው። እኔም ስሙን የያዝኩት የአያቴ ስም ስለሆነ ነው› አለችኝ። የእሷ ልጅ ቫይዴሂ ትባላለች። ለመሆኑ ሰው ለልጁ ትልም የሚል ስም እንዴት ያወጣል? ደግሞስ አንድን ስም እንዲህ የሚያስፈራው ምንድነው?»

ጠያቂያችን ባልደረባዎ አልቀለደችም። ሲታ ማለት በእርግጥ ትልም ማለት ነው። ቃሉ የሳንስክሪት ነው። ሳንስክሪት ለሕንዶች ግዕዝ ለእኛ እንደሆነው ያለ ጥንታዊ የጸሎትና የትምህርት ቋንቋ ሲሆን፣ ዛሬም አያሌ የሰው ስሞች ከእርሱ ይወጣሉ። በአጠራሩ ላይ ግን ትንሽ ጥንቃቄ ያሻል። «ሲ» ረዘም ተደርጎ ሲጠራ ትልም ነው፤ ባጭሩ ከተጠራ ነጭ ማለት ይሆናል፤ «ሺ» ከተባለ ደግሞ ቀዝቃዛ የሚል ሌላ ቃል ነው። ሲታር የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ስለሆነ ዝምድና የለውም። በአንጻሩ ሕንዶች እኛ ግሽጣ የምንለውን ፍሬ «ሲታፋል» ይሉታል፤ የሲታ ፍሬ እንደማለት ነው።

ትልም ለሰው ስምነት አይበቃም የሚለው ሐሳብ ደግሞ የከተማ ሰው ሐሳብ ሳይሆን አይቀርም። አዝመራና ዘነበች ስንል፣ እሸቱ ስንል፣ ከማሳ ላይ ስም እየለቀምን እኮ ነው። ራሱ «ትልም» በቋንቋችን ከእርሻ ተነሥቶ እቅድ ማለት ሆኗል። በአንድ ሥራ ቀድሞ የተገኘን ሰውም ፈር ቀዳጅ እንለዋለን። ሕንዶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ ትልሙን እንደ ሴት አዩት፣ ከዚያም አከበሩት፣ በመጨረሻም ለመኑት።

ሪግ ቬዳ የሚባለው የሕንዶች እጅግ ጥንታዊ የመዝሙር ስብስብ ከ3000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ሊቃውንት ይገምታሉ። በውስጡ 1028 መዝሙሮች አሉ። በአራተኛው ክፍል 57ኛው መዝሙር የገበሬ መዝሙር ነው። በሬውም፣ አራሹም፣ ማረሻውም በደህና እንዲውሉ ይመኛል። ከዚያም ሲታን በስሟ ጠርቶ እንድትቀርብና ሀብትና ፍሬ እንድትሰጥ ይለምናታል። በዚያን ጊዜ ሲታ ንግሥት አልነበረችም፤ የማንም ሚስት፣ የማንም ልጅ ተብላም አልተጠራችም። ማረሻ የሰነጠቀው፣ ዘር የሚጠብቅ አፈር ነበረች። ከዚያ በኋላ የተጻፈ አንድ የቤተሰብ ሥርዓት መጽሐፍ ደግሞ ሲታን የኢንድራ ሚስት ያደርጋታል። ኢንድራ የነጎድጓድና የዝናብ አምላክ ነው። ዝናብ ባል፣ ትልም ሚስት መሆናቸው ነው፤ ክረምት ሲዘገይ የሚሆነውን የሚያውቅ ገበሬ ይህን ጋብቻ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ቃሉ በመንግሥት መዝገብም ገብቷል። አርታሻስትራ የተሰኘው ጥንታዊ የአስተዳደር መጽሐፍ የንጉሡን የእርሻ መሬት ሲታ ይለዋል። የእርሻው ሹምም «ሲታድያክሻ» ይባላል፤ የሲታ ኃላፊ እንደማለት ነው። ስሙ ከጸሎትም፣ ከማሳም፣ ከግብርም ጋር የቆየ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ባልደረባዎን ያስፈራት ግን ይህች ሲታ አይደለችም። እሷን ያስፈራቻት የራማያና ሲታ ነች።

ራማያና ወደ 24000 የሚጠጉ ስንኞች ያሉት ታላቅ የሕንድ ግጥም ሲሆን፣ ደራሲው ቫልሚኪ የሚባል መናኝ እንደሆነ ይነገራል። በዚህ መጽሐፍ እንደተተረከው፣ የሚቲላ አገር ንጉሥ ጃናካ ለመሥዋዕት የሚሆን መሬት በገዛ እጁ ሲያርስ ከትልሙ ውስጥ ሴት ሕፃን አገኘ። ልጁ አድርጎ አሳደጋት፤ ሲታም አላት። በሕዝብ ዘንድ በሚነገረው ደግሞ ንጉሡ ያረሰው አገሩ በድርቅ ስለተመታ፣ ዝናብ እንዲመጣ ብሎ ነው። እንግዲህ የጥንቱ የማሳ ስም በሰው ሥጋ ተወለደ ማለት ነው።

ሲታ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ ማንም ሊያነሣው ያልቻለውን ታላቅ ቀስት ያነሣውን የአዮድያ ልዑል ራማን አገባች። ብዙም ሳይቆይ ራማ በእንጀራ እናቱ ሤራ ለ14 ዓመት ወደ ጫካ ተሰደደ። ሲታ እንድትቀር ቢነገራትም አልቀረችም፤ አብራው ሄደች። በጫካ ሳሉ የላንካው ንጉሥ ራቫና በተንኮል ነጥቆ ወሰዳትና በአትክልት ሥፍራ አሰራት። ዛተባት፣ አባበላት፤ እሷ ግን አልተበገረችም። ራማ ሠራዊት አሰልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ራቫናን ገድሎ አስለቀቃት።

ተረቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባልደረባዎ ለልጅዎ ስም ባልሰጋች ነበር። ግን አላበቃም። ራማ ሚስቱን በደስታ በመቀበል ፈንታ በሌላ ሰው ቤት የቆየች ሴት በመሆኗ ተጠራጥሮ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሸንጎ ፊት ወደፈለገችበት መሄድ እንደምትችል ነገራት። ሲታም እሳት እንዲነድድ አዘዘችና ገባችበት። የእሳት አምላክ ራሱ ከነሕይወቷ አውጥቶ ንጽሕናዋን መሰከረላት። ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ራማ ነገሠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የከተማው ሰው ያማ ጀመር። ንጉሡ ሐሜቱን ሰምቶ፣ ምንም በደል እንደሌለባት እያወቀ፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጫካ ወስዶ እንዲተዋት ወንድሙን አዘዘ። ይህን ክፍል ሲያነቡ ያልተናደዱ እናት ካሉ ትዕግሥታቸውን አደንቃለሁ።

ሲታን ያስጠጋት ቫልሚኪ ነው። በእርሱ ጎጆ ኩሻና ላቫ የሚባሉ መንታ ወንዶች ልጆች ወለደች፤ ብቻዋንም አሳደገቻቸው። ራማ በበኩሉ ሌላ ሚስት አላገባም። ታላቅ መሥዋዕት ሲያቀርብ ሥርዓቱ ሚስት ከጎን እንድትቆም ስለሚያዝ፣ በሲታ ፈንታ ከወርቅ የተሠራ ምስሏን አቆመ። ሕያዋ በጫካ ልጅ ታሳድጋለች፤ ወርቋ ከንጉሡ ጎን ቆማለች። ልጆቹ አድገው ከአባታቸው ጋር በተገናኙ ጊዜ ራማ ሲታን አስጠራትና አሁንም በሕዝብ ፊት እንድትምል ጠየቃት። ለሦስተኛ ጊዜ ተጠረጠረች ማለት ነው። ሲታ ማለች፤ መሐላዋ ግን ለባሏ አልነበረም። ንጹሕ ከሆንኩ እናቴ ምድር ትቀበለኝ አለች። ምድር ተከፈተች፤ ተቀበለቻት። ከትልም የወጣችው ወደ ትልም ተመለሰች።

ብዙ ሊቃውንት የራማያናን የመጀመሪያና የመጨረሻ ክፍሎች በኋላ የተጨመሩ ናቸው ይላሉ። ከትልም የመገኘቷ ታሪክ በመጀመሪያው ክፍል፣ የስደቷ ታሪክ በመጨረሻው ክፍል በሰፊው የሚገኝ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሕንድ ደግሞ የአንድ ሃይማኖትና የአንድ መጽሐፍ አገር አይደለችም። ስሙ በየወገኑ ሌላ ሴት ይሸከማል። ቡድሂስቶች ጃታካ በሚባለው የተረት ስብስባቸው፣ በ461ኛው ተረት ላይ፣ ሲታን የራማ እኅት ያደርጓታል። በዚያ ተረት ራቫና የለም፤ ጠለፋም ጦርነትም የለም። የተረቱ ጉዳይ ስለ አባት ሞት መጽናናት ነው። ሦስቱ ወንድማማችና እኅት ወደ ሂማላያ ተሰደው ይኖራሉ፤ ሲመለሱ ራማ ይነግሣል፣ ሲታም ንግሥት ትሆናለች። የወንድምና የእኅት ጋብቻ ለእኛ ጆሮ ይከብዳል፤ በጥንታዊ የነገሥታት ተረቶች ግን የዘርን ጥራት ለመግለጽ የሚነገር ነገር ነው። ተረቱ ሲያልቅ ቡድሃ ያን ጊዜ ራማ እርሱ ራሱ እንደነበረ፣ ሲታም የልጁ የራሁላ እናት እንደነበረች ይናገራል።

የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች ያሏት ሲታ ግን ከሁሉም ይልቅ እኔን ትማርከኛለች። ቪማላሱሪ የተባለ ደራሲ ፓውማቻሪያ በሚል ርእስ በፕራክሪት ቋንቋ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሲታ ከትልም አልተገኘችም፤ የጃናካና የሚስቱ የሥጋ ልጅ ነች፤ ባማንዳላ የሚባል መንታ ወንድምም አላት። ጃይኖች ተአምር ሲበዛ አይወዱም። እሳቱ ግን በዚያም አለ፤ የሚመጣውም በመጨረሻ ላይ ነው። ሲታ ስትገባበት እሳቱ ውሃ ሆነ። ራማም ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቤት እንድትመለስ ለመናት። አልተመለሰችም! እዚያው ጠጉሯን በእጇ ነቅላ መነኮሰች። ምድር እስክትከፈትላት አልጠበቀችም፤ በእግሯ ሄደች።

ሲታ የራቫና የራሱ ልጅ ነበረች የሚሉም አሉ። ይህ ከጃይን መጻሕፍት በአንዳንዶቹ ይገኛል። ክፉ ትንቢት ስለተነገረባት በሣጥን ተደርጋ በሚቲላ ምድር ተቀበረች፤ የጃናካ ማረሻ ያገኛትም በዚህ ምክንያት ነው። የታይላንድ ሰዎችም ታሪኩን ሲወስዱ ይህንኑ ወስደዋል። በ16ኛው መቶ ዓመት ቱልሲዳስ የተባለው ታላቅ ባለቅኔ ደግሞ በአዋዲ ቋንቋ ሲጽፍ፣ ራቫና የነጠቀው እውነተኛዋን ሲታ ሳይሆን ጥላዋን ነው አለ። የነፍሰ ጡሯን ስደት ጨርሶ ሳይተርከው አለፈው። ሰውዬው ራማን እጅግ ይወድ ነበርና ያን ለመጻፍ እጁ እንቢ ያለው ይመስለኛል። በዚያው በ16ኛው መቶ ዓመት ግን ቻንድራቫቲ የተባለች የቤንጋል ሴት ባለቅኔ ራማያናን በሲታ ዓይን አይታ ተረከችው። በእሷ ግጥም ጦርነቱ አጭር ነው፤ የሴቲቱ ኀዘን ረዥም ነው።

ወደ ስም አወጣጡ እንመለስ። በሂንዱ ቤተሰብ ዘንድ ስም የማውጣት ሥርዓት ናማካራና ይባላል። ማኑ በተባለው ጥንታዊ የሕግ መጽሐፍ መሠረት በተወለዱ በ10ኛው ወይም በ12ኛው ቀን ይፈጸማል። ይኸው መጽሐፍ የሴት ልጅ ስም ለአፍ የማይከብድ፣ የሚያስፈራ ነገር የሌለበት፣ ትርጉሙ ግልጽ የሆነ፣ በረዥም ድምፅ የሚያልቅና ምርቃት ያለበት ይሁን ይላል። ማኑ ስለ ሴቶች ከተናገረው አብዛኛው ዛሬ ለማንም እናት የሚነበብ አይደለም፤ እዚህ ላይ ግን ጥሩ ጆሮ እንደነበረው አይካድም። ሲታ የሚለው ስም ሁሉንም ያሟላል። «የሚያስፈራ ነገር የሌለበት» የሚለው ላይ ነው ክርክሩ የሚነሣው።

«እንደ ሲታ ሁኚ» የሚለው ምክር በሕንድ ሙሽራ ጆሮ ውስጥ ለብዙ ዘመናት ሲንቆረቆር ኖሯል። ማህተመ ጋንዲ እንኳ የአገራቸውን ሴቶች ለነጻነት ትግል ሲጠሩ ደጋግመው ሲታን በምሳሌነት ያነሡ ነበር። ምሳሌነቷ ግን ብዙውን ጊዜ የሚተረጎመው በትዕግሥቷ ብቻ ነው፦ ቻይው፣ ዝም በይ፣ እሳት ቢሆንም ግቢበት። እኛስ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንል የለምን? ስም ዕድልን ይጠራል የሚለው ፍርሃት የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በሚቲላ ምድር፣ የሲታ የትውልድ አገር በሆነው ዛሬ በሕንድ ቢሀርና በኔፓል መካከል በተከፈለው ክልል፣ የራማና የሲታ ሠርግ መታሰቢያ ቪቫሃ ፓንቻሚ በየዓመቱ በታላቅ ድምቀት ይከበራል። ይሁን እንጂ በዚያች ቀን ልጃቸውን የማይድሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ልጃችን በዚያች ቀን ተድራ ምን እንዳገኘች አይተናል ነው ነገሩ። ሲታን ያመልኳታል፤ ዕድሏን ግን ይሸሻሉ። የባልደረባዎም ፍርሃት ከዚሁ የመጣ ነው።

በወንዶች ዘንድ ስሙ አያስፈራም። ሲታራም የሚባል ወንድ በሕንድ ሞልቷል፤ የሲታና የራማ ስም ተጣምሮ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፉት የሕንድ ኮሙኒስት ፓርቲ (ማርክሲስት) ዋና ጸሐፊ ሲታራም ዬቹሪ ይህን ስም የያዙ ነበሩ። በሰሜን ሕንድ የገጠር ሰው ሲገናኝም «ሲታ ራም» ወይም «ጃይ ሲያ ራም» ተባብሎ ሰላምታ ይሰጣጣል። ሲያ ያው ሲታ ነች። በሁሉም የሚስት ስም ይቀድማል። በስም ማስቀደምና በኑሮ ማስቀደም ግን ለየቅል ናቸው።

ስለ ሠራተኞች ካነሣን አንድ ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1987 የሕንድ መንግሥት ቴሌቪዥን ራማያናን በተከታታይ ፊልም በየእሑድ ጠዋት ማሳየት ጀመረ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ሁሉ ጭር ይል ነበር። ሲታን ሆና የሠራችው ተዋናይት ዲፒካ ቺክሊያ በሕዝብ ዘንድ እንደ ሲታ ራሷ ስለታየች፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ለፓርላማ ተወዳድራ አሸነፈች። ፊልሙ በ1988 ሲያበቃ ግን የራማን መንገሥ አሳይቶ የሲታን ስደት ሳያሳይ ቆመ። በዚህ ጊዜ በጃላንዳርና በሌሎች የሰሜን ሕንድ ከተሞች የጽዳት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። እነዚህ ሠራተኞች ራሳቸውን የቫልሚኪ ወገን ብለው የሚጠሩ፣ ለዘመናት የተናቁ ሰዎች ናቸው። የእነርሱ ቫልሚኪ ለተጣለችው ሴት ቤቱን የከፈተበት ክፍል እንዴት ይቀራል አሉ። ቆሻሻው በየመንገዱ ተከመረ፤ መንግሥትም የቀረው ክፍል እንዲሠራ ተስማማ። ስለ ደመወዝ የተደረገ አድማ ብዙ ሰምተናል፤ ስለ ተረት መጨረሻ የተደረገ ግን እኔ ሌላ አላውቅም።

አንዲት ሌላ ሲታ ላስታውስ። በዚያው በሚቲላ ሴቶች የሙሽራ ቤት ግድግዳ ላይ የመሳል የቆየ ሙያ አላቸው፤ የሲታና የራማ ሠርግም ከሚወዷቸው ሥዕሎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966ና በ1967 ቢሀር በብርቱ ድርቅ ስትመታ፣ የመንግሥት የእጅ ጥበብ ቦርድ ወረቀት አምጥቶ ለሴቶቹ አከፋፈለ። በግድግዳ ላይ የምትሥሉትን በዚህ ላይ ሥላችሁ ሽጡት ተባሉ። ከጭቃ ግድግዳ ወደ ወረቀት ቀድመው ከተሻገሩት መካከል የጂትዋርፑር መንደር ነዋሪ የነበረችው ሲታ ዴቪ አንዷ ነች። ሥራዋ ከመንደሯ አልፎ በውጭ አገርም ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ሽልማት ሰጣት። ማሳው ዝናብ ባጣበት ዘመን ትልም የሚል ስም ያላት ሴት በቀለምና በወረቀት እንጀራዋን አወጣች።

እንግዲህ ጠያቂያችን፣ ለልጅዎ የሚያወጡት ስም የእርስዎና የቤተሰብዎ ጉዳይ ነው። አስተያየቴን ከፈለጉ ግን፣ ስሙ ከመከራው ይቀድማል። ሲታ እሳት ውስጥ ገባች ተብሎ ከመተረኩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ ገበሬዎች ይህን ስም የሚጠሩት እህል ሲለምኑ ነበር። እናትየዋ የትኛዋን ሲታ እያሰቡ እንደሚጠሩ የሚያውቁት እናትየዋ ናቸው።

ስለ ባልደረባዎ ልጅ ስምም አልጠየቁም እንጂ ብነግርዎ አይከፋም። የጃናካ አገር ሚቲላ ቪዴሃ ተብላም ትጠራ ነበር። ስለዚህ ሲታ በአባቷ ስም ጃናኪ፣ በከተማዋ ስም ማይቲሊ፣ በአገሯ ስም ደግሞ ቫይዴሂ ትባላለች። ቫይዴሂ ማለት የቪዴሃዋ ልጅ ማለት ነው። ያቺው ሲታ ነች።